በጸጋ ስለ ተገኘው አርነት

ስለ ሕግና ስለ ጸጋ በተነገረ ጊዜ አንዳንዱ ጸጋ መጥቷልና ጾሙም ስግደቱም ቀርቷል ይላል። ሌላው ደግሞ የጾመውንና የሰገደውን ቈጥሮ እንደ ባለዕዳ ለእግዚአብሔር ሊከፍል ይወዳል። ሁለቱም የሐዋርያትን ትምህርት አላገኙትም።

በሐዋርያት ዘመን ይህ ክርክር በማዕድ ላይ ተነሥቶ ነበር። ቅዱስ ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ጋር ይበላ ነበር፤ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች በመጡ ጊዜ ግን እነርሱን ፈርቶ ከማዕዱ ተለየ። ቅዱስ ጳውሎስም በሁሉ ፊት ተቃወመው። ስለ አንድ ማዕድ ይህን ያህል መከራከር ለምን አስፈለገ የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የተጠመቀው ሰው ስላልተገረዘ ብቻ ከወንድሞቹ ማዕድ የሚለይ ከሆነ፥ የክርስቶስ ሞት አልበቃውም፥ ግዝረት ይጨመርለት ማለት ነው። ሐዋርያትም ስለዚሁ ነገር በኢየሩሳሌም ተሰብስበው፥ ከአሕዛብ በሚመለሱት ላይ የኦሪት ቀንበር እንዳይጫን ወሰኑ፤ ለጣዖት ከተሠዋ፥ ከደም፥ ታንቆ ከሞተና ከዝሙት እንዲርቁ ብቻ አዘዙ።

«እኛስ ልጆቻችንን በስምንተኛው ቀን እንገርዛለን፥ ቀዳሚት ሰንበትንም እናከብራለን፤ ታዲያ ከኦሪት በታች ነንን?» የሚል ጠያቂ አይታጣም። ጥያቄው አዲስ አይደለም። የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ከፖርቱጋሎች ጋር መጥተው በዚሁ ነገር በነቀፉን ጊዜ፥ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1547 ዓ.ም. የሃይማኖታቸውን ቃል ጽፈው መለሱ። ግዝረቱ የአገር ልማድ ነው፤ በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደ መብጣት፥ በህንድም ጆሮን እንደ መብሳት ያለ ነው እንጂ የኦሪትን ሥርዓት ለመፈጸም አይደለም አሉ። ስለ ቅዳሜም፥ አይሁድ ውሃ አይቀዱባትም፥ እሳትም አያነዱባትም፤ እኛ ግን ቍርባን እናቀርብባታለን፥ የፍቅር ማዕድም እናደርግባታለን ሲሉ አስረዱ። የእሪያ ሥጋ የሚበላውን እንደማይጸየፉ፥ የማይበላውንም እንደማያስገድዱ ጨመሩ። ንጉሥ ቢጽፈውም መልሱ የሊቅ መልስ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች እንዳስረዳው፥ ወራሹ ሕፃን ሳለ ከሞግዚት በታች ነው፤ ካደገ በኋላ ግን ልጅነቱ ይገለጣል። ያደገ ልጅ በአባቱ ቤት ሥራ አይፈታም፤ እንዲያውም ከአገልጋዩ ይልቅ የሚደክምበት ቀን አለ። ሆኖም ደመወዝ አይጠይቅም፥ እባረራለሁ ብሎም አይሰጋም። የእኛም ጾም እንዲሁ ነው። ልጅነትን በጥምቀት በነጻ ተቀብለናል፤ የምንጾመው ሥጋችን ለነፍሳችን እንዲታዘዝ፥ ከማዕዳችንም የተረፈው ለድኻ እንዲደርስ ነው እንጂ መንግሥተ ሰማያትን ልንገዛበት አይደለም።

እኛን ካህናትን የሚያሳዝነን ግን ሌላ ነው። ታማ ዐቢይ ጾምን ያልጾመች እናት ከእግዚአብሔር የተጣለች ይመስላታል፤ ፍትሐ ነገሥት ግን የታመመውን ሰው ከጾም ያሳርፈዋል። ብዙ ጐልማሶችም «ንጹሕ ስሆን እቀርባለሁ» እያሉ ከሥጋ ወደሙ ርቀው ያረጃሉ። በራሱ ሥራ ንጹሕ ሆኖ የቀረበ ማን ነው? መድኃኒት ለድውይ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ዛሬውኑ ወደ ነፍስ አባቱ ይሂድ፤ ንስሐ ገብቶ፥ ቀኖናውን ፈጽሞ፥ ከተጣላውም ሰው ታርቆ ይቅረብ እንጂ፥ ኀጢአቱ በራሱ ኀይል እስኪያልቅለት ድረስ በደጀ ሰላም ቆሞ አይጠብቅ።