ነጠላ ይዞ ወደ ካሜራ ኤግዚቢሽን

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ፣ የአሜሪካን ኤምባሲ አልፈው ሽሮ ሜዳ ሲደርሱ ግራና ቀኙ ነጭ ነው። ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ኩታው በየሱቁ በር ተሰቅሎ ይውለበለባል። ለገዢ ዓይን ያማረ ነው፤ ለካሜራማን ግን ፈተና። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ ሰፈር፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ሙሽሪት ትከሻ ላይ ስታርፍ ነጠላው ዓይን ይወጋል። አጠገቧ የቆመው ሚዜ ደግሞ ጥቁር ሱፍ ለብሷል። ለነጠላው ብለው ብርሃን ቢቀንሱ ሚዜው ጥላሸት ይሆናል፤ ለሚዜው ቢጨምሩ ነጠላው ሽመናው ጠፍቶ ወረቀት ይመስላል። ሸማኔው ጀርባው እስኪጎብጥ የለፋበት ጥለት ፊልሙ ውስጥ የለም።

ዘንድሮ ዱባይ ለቪዲዮ ዕቃ ኤግዚቢሽን ሊሄድ የተነሣ አንድ የአዲሱ ገበያ ልጅ ጓደኛ አለኝ። እንደ እኔው ሰርግ ቀርጾ፣ ኤዲት አድርጎ የሚያድር ነው። ሻንጣው ውስጥ እንዲከት የሰጠሁት ነጠላ ነው። መጀመሪያ ስቆ ነበር።

በአዲስ አበባ ሰው ጆሮ «ኤግዚቢሽን» ሲባል ቀድሞ የሚመጣው የመስቀል አደባባዩ ማዕከልና የበዓል ባዛሩ ነው፤ ጫማው፣ ዘይቱ፣ የድምፅ ማጉያው ጩኸት፣ ግፊያው። ከፍሎ አንጠልጥሎ መውጣት ነው። የቪዲዮው ኤግዚቢሽን ሌላ ነው። አምራቹ ሱቅ ያልደረሰ ካሜራውን፣ ሌንሱን፣ መብራቱን፣ የኤዲቲንግ ሶፍትዌሩን ዘርግቶ ያሳያል። ጎብኚው ይነካካል፣ ይጠይቃል፣ ይሟገታል፣ ብዙ ጊዜም ባዶ እጁን ይወጣል። ስመ ጥሩ የአሜሪካ ብሮድካስተሮች ማኅበር ላስ ቬጋስ ላይ የሚያዘጋጀው ናብ ነው። አውሮፓ ውስጥ አይቢሲ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ላይ ተጀምሮ ከ1992 ወዲህ አምስተርዳም ነው። ለእኛ የሚቀርበው የዱባዩ ካብሳት ነው፤ ከቦሌ አራት ሰዓት ገደማ ቢበሩ ነው። ናብ በአብዛኛው ሚያዝያ አካባቢ ስለሚውል ከሁዳዴ ጋር ወይም ከፋሲካ ሰሞን ጋር ይገጥማል። በሁዳዴ የኦርቶዶክስ ሰርግ የለም፣ ካሜራማንም ብዙ ጊዜ ሥራ ፈት ነው። የቪዛና የዶላር ጣጣ ባይኖር የጉለሌ ካሜራማን ለናብ የተፈጠረ ሰው ነበር።

እንዲህ ያለው ጉባኤ ምን ሊያደርግ እንደሚችል የታየው ኤፕሪል 14 ቀን 1956 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ የቀጥታ ስርጭት ወይ ተላልፎ ይጠፋል፣ ወይ ከስክሪኑ ላይ በፊልም ካሜራ ተቀርጾ፣ ፊልሙ ታጥቦ ይጠበቃል። የዚያን ዕለት የሲቢኤስ ጣቢያ ባለቤቶች ተሰብስበው ንግግር ሲሰሙ፣ አምፔክስ የሚባለው ድርጅት መጋረጃ ጀርባ አንድ ማሽን ደብቆ ነበር። ንግግሩ አልቆ ስክሪኖቹ ያንኑ ሰውዬ ያንኑ ንግግር ሲያደርግ መልሰው አሳዩ። ሰው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ፤ ነገሩ ሲገባው አዳራሹ በጩኸትና በጭብጨባ ተናወጠ። የማሽኑ ዋጋ 50,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ምስሉን የሚቀርጽበት ቴፕ ደግሞ ሁለት ኢንች ስፋት ነበረው። ዛሬ ሽሮ ሜዳ ላይ «ቪዲዮ» የምንለው ነገር ሁሉ የዚያ መጋረጃ ልጅ ነው።

ግን የእኛን ሰፈር የለወጠው የማሽኑ መፈጠር አይደለም፤ ዋጋው መውረዱ ነው። በሴሉሎይድ ፊልም መሥራት ለጥቂቶች ብቻ በሚቻልበት አገር የአማርኛ ፊልም በቪዲዮ ተቀርጾ ሲኒማ ቤት መግባት የቻለው በ1990ዎቹ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። የሄለን ታደሰ «የበረዶ ዘመን» እና የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ከፊተኞቹ ናቸው። የኤዲቲንጉም ነገር እንደዚያው ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የቀለም ማስተካከያ በፊት ከነጠረጴዛው፣ ከነማሽኑ የሚሸጥ የመቶ ሺዎች ዶላር ዕቃ ነበር። የአውስትራሊያው ብላክማጂክ ዲዛይን በ2009 እ.ኤ.አ. ኩባንያውን ገዛና በዓመቱ በናብ ሶፍትዌሩን በ995 ዶላር አወጣው፤ በ2011 ደግሞ ነፃ ቅጂ ጨመረለት። ነፃ! የውጭ ክፍያ የሚቀበል ካርድ ማግኘት ጭንቅ ለሆነበት ሰው የዚህን ቃል ጣዕም ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከዚያ በፊት አብዛኞቻችን የምንሠራው በክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት በተሰበረ ቅጂ፣ ነበር። አንድ ጊዜ ለመልስ የሚደርስ ሰርግ ይዤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ተዘጋ፤ ሲከፈት ሥራው የለም። የሙሽራው አባት ጠዋት ያሉኝን እዚህ አልጽፈውም።

ወደ ነጠላው ልመለስ። የኤግዚቢሽን መድረክ ወጥመድ አለው። ካሜራው ፊት የምትቀመጠው ሞዴል ለስላሳ ብርሃን ተደርጎላታል፣ ግራጫ ወይ ሰማያዊ ለብሳለች፣ ከኋላዋ አበባ አለ። በዚያ ብርሃን የማያምር ካሜራ የለም። ሻጩ «ይህን ያህል ስቶፕ ይይዛል» ይላል። አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ ነው፤ ካሜራ ብዙ ስቶፕ ያዘ ማለት ነጩንም ጥቁሩንም ሳያበላሽ አንድ ላይ ያሳያል ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ሽሮ ሜዳ ላይ የሚታየው ግን አንድ አይደሉም። ስለዚህ ለጓደኛዬ ያልኩት ይህን ነው፦ ነጠላውን ግማሹን መብራቱ ሥር፣ ግማሹን ጥቁር ቦርሳህ ላይ ዘርጋው። ዚብራውን ክፈት። ዚብራ ብርሃን ከልክ ያለፈበትን ቦታ እንደ ሜዳ አህያ ቆዳ በሰያፍ መስመር የሚያሳይ ምልክት ነው። መስመሩ ከነጠላው ላይ እስኪጠፋ ብርሃኑን ቀንስ፤ ከዚያ ቦርሳው ዚፕ ይታይ እንደሆነ እይ። ዚፑ ከታየህ ሚዜውም ይታያል።

ሁለተኛው ፈተና ጥለቱ ነው። ቀጭን የጥለት መስመር ከካሜራው ሴንሰር ነጥቦች ጋር ሲጋጭ ሸማኔው ያልሠራው ቀስተ ደመና ይፈጠራል፤ ሙሽሪት በተንቀሳቀሰች ቁጥር ይዋኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውና ሰርግ ቀራጩን ከትልቁ የትከሻ ካሜራ ያላቀቀው ካኖን 5ዲ ማርክ ቱ በዚህ የታወቀ ነበር። ሌላም አመል ነበረው፦ ሲወጣ በሴኮንድ 30 ፍሬም ብቻ ይቀርጽ ነበር፣ ሸተሩንም፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ ራሱ ይመርጣል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ፍሎረሰንት በሴኮንድ 100 ጊዜ ብልጭ ይላል። ሁለቱ ካልተስማሙ የአዳራሹ ግድግዳ በቪዲዮው ላይ እንደ ልብ ይመታል። ሸተሩን በእጅ መወሰን የተቻለው በ2009፣ 25 ፍሬም የመጣው በ2010 ነው፤ ሁለቱም በሶፍትዌር ማሻሻያ። የአሜሪካ ሻጭ ይህን ሳይጠየቅ አይናገርም፣ አገሩ 60 ኸርዝ ነዋ። «25 ፍሬም አለው ወይ? ሸተሩ አንድ ሃምሳኛ ላይ ይቆማል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

ኤዲቲንጉ ጋ ሲደረስ ደግሞ ሰውን የሚያታልለው ኮምፒውተሩ ነው። ጠረጴዛው ላይ ከሚንሳፈፈው ሶፍትዌር ሥር ያለው ማሽን ዋጋው የአንድ ላዳ መኪና ነው። ቤት ያለው ላፕቶፕ ግን ሌላ ነው። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል፤ ሁለት ካሜራ ከጠዋት ሽኝት እስከ ማታ እያንዳንዳቸው በድምሩ ስድስት ሰዓት ቢቀርጹ 540 ጊጋባይት ነው። ሻጩ ስለ 8ኬ ሲያወራ «ሃርድ ዲስኩን ማን ይገዛልኛል?» ማለት ነውር አይደለም። እንዲያውም የራስን ሰርግ በትንሽ ዲስክ ይዞ ሄዶ «ይህን ክፈትልኝ» ማለት ነው። ፕሮክሲ፣ ማለትም ለኤዲቲንግ ብቻ የሚያገለግል ቀለል ያለ ቅጂ፣ እንዴት እንደሚሠራ በዚያው ያሳዩታል፤ ደካማ ላፕቶፕ ላለው ሰው ከአዲስ ካሜራ ይልቅ እሱ ይጠቅማል።

በመጨረሻ የራሱን ሚሞሪ ካርድ እንዲይዝ ነገርኩት። ብዙዎቹ ሻጮች ከተጠየቁ ካርድ አስገብቶ ለመቅረጽ ይፈቅዳሉ፤ የተቀረጸውን እዚህ መጥቶ በራሱ ስክሪን ማየት ነው። የየካሜራውን ቅጂ በየስሙ እንዲጽፍ፣ ነጠላውንም ከያንዳንዱ ካሜራ በኋላ በደንብ አጥፎ እንዲመልስ አደራ አልኩት። ነጠላው የእናቴ ነው፤ ለቡሄ ትፈልገዋለች።