የደከመን ክንድ በካሜራ ስለ መለካት

መምህር ጥያቄ በጠየቀ ጊዜ መልሱን የሚያውቅ ተማሪ እጁን ያነሣል። መልሱን እያወቀ እጁን የማያነሣ ልጅ ቢኖር ግን፥ ሰነፍ ነው ወይም ዐይነ አፋር ነው ከማለታችን በፊት ክንዱ የሚታዘዝለት መሆኑን ልንመረምር ይገባናል። ጉርሻን ወደ አፍ የሚያደርሰው፥ ፊትን የሚያጥበው፥ ብዕርን የሚመራው ክንድ ነውና ድካሙ የሰውን ኑሮ በብዙ ወገን ይጎዳል።

ክንድን ከሚያደክሙት ሕመሞች አንዱ ዱሼን የተባለው የጡንቻ መመንመን ነው። ስሙ የተወሰደው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1868 ዓ.ም. የሕመሙን ጠባይ በዝርዝር ከጻፈው ከፈረንሳዊው ሐኪም ከጊዮም ዱሼን ነው። ሕመሙ ተላላፊ አይደለም፤ የርግማን ውጤትም አይደለም። የጡንቻን ሕዋስ ከጉዳት የሚጠብቀው ዲስትሮፊን የተባለው ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚያደርግ የዘር ጉድለት ነው። ይህም ፕሮቲን በ1987 ታወቀ። ሕመሙ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ወንዶችን ሲሆን፥ ከሚወለዱት 5,000 ያህል ወንዶች አንዱን ይነካል። በእናት በኩል ሊወረስ ወይም በልጁ አዲስ ሊጀምር ስለሚችል እናትን መውቀስ ከቶ አይገባም።

ሕመሙ አስቀድሞ እግርን ያደክማል። ሕክምና ያላገኙት አብዛኞቹ ልጆች በ12 ዓመት ዕድሜ አካባቢ መራመድ ያቆማሉ። ከዚያም ድካሙ ከትከሻ ወደ ክርን ይወርዳል፤ ጣቶች የሚደክሙት በመጨረሻ ነው።

ሐኪሞች የሕመሙን አካሄድ ለማወቅ ልጁ በ6 ደቂቃ ስንት ሜትር እንደሚራመድ ይለካሉ። በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠው ልጅ ግን በዚህ ሊለካ አይችልም፤ በዚህ መለኪያ ከሚፈተን የመድኃኒት ሙከራም ውጭ ይቀራል። ለክንድ ብሩክ የተባለ ባለ 6 ደረጃ መለኪያ አለ። ሁለቱን ክንዶች ከራሱ በላይ የሚያነሣው 1 ይባላል፤ እጁ ለሥራ የማያገለግለው 6 ይባላል። ነገር ግን የደረጃዎቹ ርቀት ሰፊ ስለ ሆነ ልጁ ብዙ ኀይል እያጣ ቍጥሩ ሳይለወጥ ሊቈይ ይችላል።

ይህን ችግር ለማቃለል የረዳው በ2010 ለጨዋታ ተብሎ ለገበያ የወጣው ኪኔክት የተባለው ካሜራ ነው። መሣሪያው በዐይን የማይታይ ብርሃን እየላከ የእያንዳንዱን የሰውነት ክፍል ርቀት ይለካል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሐኪሞችና መሐንዲሶች ለሕክምና እንዲያገለግል አደረጉት። ሕመምተኛው በካሜራው ፊት ተቀምጦ ክንዱን ወደ ላይና ወደ ጎን የተቻለውን ያህል ያንቀሳቅሳል። በገላው ላይ የሚለጠፍ ነገር የለም። እጁ የደረሰበት ቦታ ሁሉ በኮምፒውተር ሲሣል፥ ለሁለት የተከፈለ ቅል ውስጡን ይመስላል። ይህም ገጽ በአራት ተከፍሎ ስፋቱ ከሰውየው ክንድ ርዝመት ጋር ይመዛዘናል። ስለዚህ ረጅሙና አጭሩ፥ ልጁና ዐዋቂው ያለ አድልዎ ይነጻጸራሉ። ውጤቱም ከ0 እስከ 1 ባለው ቍጥር ይነገራል። ከትከሻ በላይ ያለው ክፍል እየጠበበ ሲሄድ የሕመሙ እርምጃ በግልጥ ይታያል።

የኪኔክት ፋብሪካ ሥራ በ2017 ቢቆምም ዘዴው በሌሎች ካሜራዎች ሊሠራበት ይችላል። ሆኖም ካሜራ መለኪያ እንጂ መድኃኒት አይደለም። እጅ የት እንደ ደረሰ ይናገራል እንጂ ጣቶች ቍልፍ መቈለፍ መቻላቸውን አይናገርም፤ ይህን የሐኪም ዐይን ሊመረምረው ይገባል።

መምህራን ሆይ፥ ካሜራው ከመምጣቱ በፊት ልጁን በየቀኑ የምታዩት እናንተ ናችሁ። ብዙ ጊዜ የሚወድቅ፥ ደረጃ ለመውጣት የሚቸገር፥ ከመሬት ሲነሣ እጆቹን በጭኖቹ ላይ እየተደገፈ የሚነሣ፥ ባቱም ከልክ በላይ የወፈረ ልጅ ብታዩ አትቈጡት፤ ወላጆቹ ወደ ሐኪም እንዲያደርሱት ምከሩ። የሕመሙን እርምጃ የሚያዘገዩ መድኃኒቶች አሉ፤ ልቡና መተንፈሻውም በጊዜው ሊመረመሩለት ይገባል። ክንዱ ለደከመ ተማሪ ክርኑን የሚያሳርፍበት ጠረጴዛ ስጡት፤ መጽሐፉን በቅርቡ አኑሩለት። እጁን ሳያነሣም በቃሉ እንዲመልስ ፍቀዱለት፤ የደከመው ክንዱ እንጂ አእምሮው አይደለምና።