የኖሚክ ጨዋታና የተጫዋች ማንነት ክርክር

ኖሚክ ሕግ ማውጣትንና መለወጥን ራሱን ጨዋታ ያደረገ የውድድር ዓይነት ሲሆን፣ የፈለሰፈው አሜሪካዊው ፈላስፋ ፒተር ሱበር ነው፤ በስፋት የታወቀው ደግሞ ዳግላስ ሆፍስታድተር በ1982 እ.ኤ.አ. «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» በተባለው መጽሔት ካስተዋወቀው በኋላ ነው። የመነሻው ደንብ 29 አንቀጾች አሉት፤ ከእነዚህም 13ቱ ተለዋዋጭ፣ 16ቱ ጽኑ ሲሆኑ፣ ጽኑ የሚባሉት በተጫዋቾች ሙሉ ስምምነት አስቀድመው ወደ ተለዋዋጭነት ካልወረዱ በቀር አይነኩም። ሱበር ሊመረምረው የፈለገው ጉዳይ፣ የማሻሻያ አንቀጽ ራሱን ማሻሻል ይችል እንደሆነ ነበር፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 105ን፣ ማለትም የማሻሻያውን ሥርዓት የሚወስነውን አንቀጽ፣ በራሱ በአንቀጹ ጠንካራ ጥበቃ ሥር አድርጎታል።

ሕግ የሚወጣው በድምፅ ስለሆነ ድምፅ ሰጪው ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። በካራቆሬ ያለ አንድ ዕድር መተዳደሪያ ደንቡን ሲያሻሽል አባሉን መዝገቡም ጎረቤቱም ያውቁታል፤ በኢንተርኔት በሚካሄድ ኖሚክ ግን ተጫዋቹ የሚታወቀው በቅጽል ስምና በኢሜይል አድራሻ ብቻ በመሆኑ፣ አንድ ሰው በሁለት ስም ተመዝግቦ ሁለት ድምፅ ሊሰጥ፣ ወይም ብዙ ሰዎች በአንድ ስም ሊጫወቱ ይችላሉ።

በሱበር ደንብ መሠረት ክርክር ሲነሣ ዳኛ የሚሆነው ተራው ከደረሰው ተጫዋች በፊት የነበረው ሲሆን፣ ደንቡ ዝም ባለበት ቦታ የጨዋታውን ልማድና መንፈስ ይመለከታል፤ ፍርዱም ሌሎቹ ተጫዋቾች ካልሻሩት በቀር የጸና ነው፣ ለመሻርም የሁሉም ድምፅ ያስፈልጋል። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢሜይል ሲካሄድ የኖረው «አጎራ» የተባለው ኖሚክ ሥርዓቱን አስፍቶታል፦ ከሳሹ ጉዳዩን «እነዚህ ሁለት ስሞች የአንድ ሰው ናቸው» በሚመስል አጭር ዐረፍተ ነገር ያቀርባል፣ ኃላፊው ዳኛ ይመድባል፣ ዳኛውም የወገኖቹን ክርክርና ማስረጃ መርምሮ ዐረፍተ ነገሩ እውነት ወይም ሐሰት መሆኑን ከነምክንያቱ ይፈርዳል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ዘግይቶ የሚደረስበት ስሕተት ነው። ከወራት በፊት የተመዘገበ ሰው በሕግ ተጫዋች እንዳልነበረ ቢረጋገጥ፣ የሰጠው ድምፅ ይወድቃል፤ በዚያ ድምፅ የጸደቀው ሕግ፣ በሕጉም ላይ የተመሠረተው ሌላው ሁሉ አብሮ ሊፈርስ ይችላል። አጎራ ለዚህ ያበጀው መላ፣ የተጫዋቾች ዝርዝር በይፋ ከታተመ በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ ማንም ካልተቃወመው፣ ቀድሞ የተሳሳተ ቢሆን እንኳ፣ በታተመበት ጊዜ እውነት እንደነበረ እንዲቆጠር ማድረግ ነው።

ይህ ከይርጋ ጋር ይቀራረባል፤ የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1845 በውል ላይ ለተመሠረተ ክስ በመርህ ደረጃ የ10 ዓመት ገደብ ማድረጉ፣ መብትን በጊዜው ያልጠየቀ ሰው ዘግይቶ የቆመውን እንዳያናጋ ለመከላከል ነው። ልዩነቱ ይርጋ ክስን ሲዘጋ፣ የአጎራው ድንጋጌ ያለፈውን መዝገብ ራሱን የሚያጸና መሆኑ ነው። ዋጋም ያስከፍላል፦ በጊዜው ያልተደረሰበት አታላይ የሰጠው ድምፅ ሳይሻር ይቀራል። ሆኖም ሰውን ፊት ለፊት ማየት የማይችል ማኅበር ስለ ማንነት ፍጹም እርግጠኛ ሊሆን ስለማይችል፣ ጥያቄው እስከ መቼ ክፍት እንደሚቆይ በሕግ ካልወሰነ ነገ ላይ ቆሞ ትናንት ያወጣውን ሕግ ማመን አይችልም።