የተራራ ላይ አተነፋፈስ፦ የሚረዳውና የሚያታልለው

ራስ ዳሽንን ለመውጣት ለሚዘጋጁ ሰዎች «ሠላሳ ጊዜ በኃይልና በፍጥነት ተንፍሳችሁ ትንፋሻችሁን ያዙ፤ ከፍታው አይነካችሁም» የሚል ምክር ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ነው። ምክሩ ስሕተት ከመሆኑም በላይ በገደል አፋፍ ላይ የቆመን ሰው ለሕይወት አደጋ የሚያጋልጥ በመሆኑ፣ አተነፋፈስ በከፍታ ላይ ምን እንደሚረዳ፣ ምን እንደማይረዳና የትኛው አጠቃቀም እንደሚጎዳ ለይቶ ማስቀመጥ ግድ ሆኗል።

በቅድሚያ መታረም ያለበት «እላይ ኦክስጅን የለም» የሚለው አነጋገር ነው። በጅቡቲ ወደብም ሆነ በራስ ዳሽን ጫፍ ከአየሩ 21 በመቶ ገደማ የሚሆነው ኦክስጅን ነው፤ ከፍታ ሲጨምር የሚቀንሰው የአየር ግፊት፣ ማለትም አየሩ በክብደቱ የሚያሳድረው ጫና ሲሆን፣ ግፊቱ ሲቀንስ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው የኦክስጅን መጠን አብሮ ይቀንሳል። በአዲስ አበባ ግፊቱ በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ሲሆን፣ ከ4,500 ሜትር በላይ በሚገኘው የራስ ዳሽን ጫፍ ወደ 58 በመቶ ዝቅ ይላል፤ በኤቨረስት ጫፍ ደግሞ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ይቀራል።

ሰውነት ለዚህ እጥረት የሚሰጠው የመጀመሪያ ምላሽ ራሱ አተነፋፈስ ነው። በአንገት ግራና ቀኝ ባሉት ትላልቅ የደም ቧንቧዎች መከፋፈያ ላይ የሚገኘው፣ ካሮቲድ ቦዲ የሚባለው ትንሽ የስሜት አካል የደሙን ኦክስጅን መቀነስ ሲያውቅ አንጎልን ያነቃል፤ ሰውየውም ሳያስበው በጥልቀትና በፍጥነት መተንፈስ ይጀምራል። ይሁን እንጂ ብዙ በተተነፈሰ ቁጥር ከደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲያንስ የደሙ አሲድነት ይቀንሳል፤ አንጎልም ይህን ለውጥ ተከትሎ የአተነፋፈሱን ግፊት መልሶ ይገታዋል። ይህን እገታ የሚያነሡት ኩላሊቶች ናቸው፤ ባይካርቦኔት የተባለውን የአሲድ ማርከሻ በሽንት በማስወገድ ደሙን ወደ ሚዛኑ ይመልሱታል። ይህ ሥራ ቀናትን ይፈልጋል። ከፍታን መላመድ የሚባለው ሂደት ዋናው ክፍልም ይኸው ነው፤ ኩላሊትን በግማሽ ሰዓት ልምምድ የሚያስቸኩል የአተነፋፈስ ዘዴ የለም።

በዚህ ወሰን ውስጥ ከሚከተሉት ዘዴዎች የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ተጓዡን በእውነት ያግዙታል።

1. ትንፋሽን ከእርምጃ ጋር ማስማማት። በለዘብተኛ ዳገት አየር በሁለት እርምጃ ይሳባል፣ በሁለት እርምጃ ይወጣል፤ ዳገቱ ሲበረታ ለእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ሙሉ ትንፋሽ ይሰጣል። በእያንዳንዱ እርምጃ መካከል የኋላው እግር ቀጥ ብሎ ለቅጽበት ክብደቱን በአጥንት ሲሸከም ጡንቻው ያርፋል። ፍጥነቱ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ተጓዡ ሳይቆራረጥ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ሲችል ነው፤ ካልቻለ መቀነስ ያለበት እርምጃው ነው።

2. በሆድ መተንፈስ። ድያፍራም የተባለው፣ ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ ወደ ታች ሲወርድ የሳንባ የታችኛው ክፍል ይከፈታል፤ በደረት ላይኛው ክፍል ብቻ የሚደረግ አጭርና ፈጣን ትንፋሽ ግን ከፍተኛ ድርሻው በአየር ቧንቧ ውስጥ ተመላልሶ ይቀራል። ስለዚህ የሻንጣውን የደረትና የወገብ ማሰሪያ ማላላት፣ ጎበጥ ብሎ ከመሄድ መቆጠብና አየሩን እስከ መጨረሻው ማስወጣት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት፣ ከ4,500 ሜትር በላይ በቆዩ ሰዎች ላይ በደቂቃ 6 ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ በጥልቀት መተንፈስ የደምን የኦክስጅን ሙሌት፣ ማለትም ኦክስጅን የያዘውን የሄሞግሎቢን ድርሻ፣ በግልጽ ከፍ እንደሚያደርግ ታይቷል፤ ልምምዱ ሲቆም ግን ሙሌቱ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

3. ከንፈርን አጥብቦ ማስወጣት። አየሩ በጠበበ ከንፈር ውስጥ እየተገፋ ሲወጣ በአየር ቧንቧዎች ውስጥ መጠነኛ ግፊት ስለሚፈጠር ጥቃቅኖቹ የሳንባ ከረጢቶች ክፍት ሆነው ይቆያሉ። ይህ ለአጭር ጊዜ፣ በቀጥ ያለ ዳገት ላይ ወይም ለዕረፍት በቆሙበት ለጥቂት ትንፋሾች የሚደረግ ነው፤ የጣት ጫፍ መንዘር ወይም ማዞር ከመጣ መቆም አለበት።

4. በፍጥነት ተንፍሶ ትንፋሽን መያዝ። ይህ በዝርዝሩ ውስጥ የገባው እንዲወገዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ዊም ሆፍ የተባለው ሆላንዳዊ 26 ሰዎችን አሠልጥኖ በ48 ሰዓት ውስጥ ወደ ኪሊማንጃሮ ማውጣቱ በስፋት ተወርቷል፤ ነገር ግን ያለ ሥልጠናው በዚያው ፍጥነት የወጣ ማነጻጸሪያ ቡድን ስላልነበረ ውጤቱ የአተነፋፈሱ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። አሠራሩን ያየ ሰው ጉዳቱን ለመገመት አይቸገርም፦ ፈጣኑ ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሲያሟጥጥ የአንጎል የደም ቧንቧዎች ይጠባሉ፣ ከንፈርና ጣት ይነዝራል፣ «ተንፍስ» የሚለው የተፈጥሮ ማስጠንቀቂያም ይደክማል፤ በዚያው ላይ ትንፋሽ ሲያዝ ኦክስጅኑ ያለ ምንም የመታፈን ስሜት ይወርድና ሰውየው ራሱን ሊስት ይችላል። ይህን በሳሎን ምንጣፍ ላይ ማድረግ አንድ ነገር ነው፤ በሰሜን ተራሮች በሚገኘው የእሜት ጎጎ ገደል አፋፍ ላይ ሆኖ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከሁሉ የሚያስቆጣው ደግሞ አተነፋፈስን መለኪያ ለማታለል የመጠቀም ልማድ ነው። በጣት ላይ ተሰክቶ የደምን የኦክስጅን ሙሌት በመቶኛ የሚለካው፣ ፐልስ ኦክሲሜትር የተባለው አነስተኛ መሣሪያ በርካሽ መገኘቱ በራሱ መልካም ነበር፤ አሁን ግን በብዙ ጉዞዎች ላይ ተጓዥን ለማሳለፍ የሚያገለግል ማኅተም ሆኗል። በአንድ የጉዞ ወቅት በሰሜን ተራሮች ባለው በጨነቅ ካምፕ የታየውም ይኸው ነበር። ሌሊቱን ራሳቸውን ሲያማቸውና ሲያስመልሳቸው ያደሩ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ተጓዥ ጠዋት ጣታቸውን ሲለኩ 78 ይወጣል፤ አስጎብኚው «ጋሼ፣ በደንብ ሳብ እያደረጉ ይተንፍሱ፣ ቁጥሩ ይወጣል» ይላቸዋል፤ ከአሥር ኃይለኛ ትንፋሽ በኋላ 88 ሲነበብ መሣሪያው ይነቀላል፣ በመዝገቡ ላይ 88 ይጻፋል፣ ጉዞውም ወደ ቧሂት ተራራ ይቀጥላል። መሣሪያው ለተጨማሪ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ጣታቸው ላይ ቢቆይ ኖሮ ቁጥሩ ወደ ነበረበት ሲመለስ ሁሉም ባየው ነበር። ይህ ቴርሞሜትሩን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክሮ ትኩሳቱ ጠፋ እንደማለት ነው።

በአግባቡ የሚለካ ሰው ተጓዡን አምስት ደቂቃ ያህል ያስቀምጠዋል፣ እጁን ያሞቅለታል፣ የጥፍር ቀለም ወይም ሂና የሌለበትን ጣት ይመርጣል፣ እንዳይናገርና እንደ ወትሮው እንዲተነፍስ ያደርገዋል፣ ከዚያም ለጥቂት ጊዜ ቁጥሩ የሚረጋበትን እንጂ የሚዘልበትን ጫፍ አይመዘግብም። በትክክል የተለካ ቁጥር እንኳ ምልክትን አይሽርም። ራስ ምታት ያለበት፣ ከዚያም ላይ የሚያስመልሰው፣ የሚያዞረው ወይም ከልክ በላይ የደከመው ሰው፣ መሣሪያው 90 ቢያሳይም በከፍታ ሕመም እንደተያዘ ተቆጥሮ ባለበት መቆየት አለበት፤ ካልተሻለው ወይም ከባሰበት ይወርዳል። ተቀምጦ እያለ የሚያለከልክ፣ የሚያስለውና ደረቱ የሚንኮራኮር ሰው ሳንባው ውኃ እየቋጠረ ነው፤ በቀጥተኛ መስመር ላይ ተረከዙን ከጣቱ ጫፍ እያገናኘ መራመድ ያቃተው ወይም ንግግሩ የተዘበራረቀ ሰው ደግሞ አንጎሉ እያበጠ ነው። እነዚህን ሁለቱን በጥልቅ ትንፋሽ ለማከም መሞከር ሰዓት መግደል ነው። መድኃኒታቸው ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ መውረድና ካለ ኦክስጅን መስጠት ነው፤ ዴክሳሜታዞን ለአንጎል እብጠት፣ ኒፌዲፒን ለሳንባ ውኃ ቢሰጡም ሁለቱም የመውረድ ማገዣ እንጂ ምትክ አይደሉም።

ወደ ሌሊቱ ስንመጣ፣ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ እየጠለቀ፣ እየቀለለ፣ ከዚያም ለሰከንዶች ቆሞ እንደገና የሚጀምርበት ሁኔታ በከፍታ የተለመደ ነው፤ ዱካክ ነው ተብሎ ሲወራ ቢሰማም ቀደም ሲል የተገለጸው የኦክስጅንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጉተታ ውጤት ነው። ለማሞቂያ ተብሎ የሚቀመስ አረቄና የእንቅልፍ ክኒን ትንፋሽን ስለሚያዳክሙ በካምፕ ሊቀርቡ አይገባም። ዳያሞክስ በሚል ስም የሚታወቀው አሴታዞላማይድ ኩላሊት ባይካርቦኔቱን ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያግዝ የሌሊቱን ትንፋሽም ያረጋጋል፤ ከጉዞው በፊት ሐኪም ማማከርን ግን ይጠይቃል።

አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ በመሆኑም በተቻለ መጠን በአፍንጫ መሳብ፣ ዳገቱ አፍ ካስከፈተም አፍን በሻሽ ወይም በነጠላ ሸፈን ማድረግ ጉሮሮ በመድረቁ ከሚመጣው ሳል ያድናል።

«የሀበሻ ልጅ ከፍታ አይነካውም» የሚለው ኩራትም ቦታውን ሊይዝ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2002 በእነ ሲንትያ ቢል የታተመው ጥናት በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ፣ አማካይ የኦክስጅን ሙሌታቸው 95 በመቶ ገደማ እንደሆነና የሄሞግሎቢናቸው መጠንም በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ብዙ እንደማይለይ አሳይቷል። ይህ ድንቅ ግኝት የሚናገረው ለብዙ ትውልድ በዚያው ከፍታ ስለኖረ ሕዝብ ነው። በዱባይ፣ በቴል አቪቭ ወይም በዋሽንግተን ዓመታት የቆየና ለዕረፍት የተመለሰ ሰው በልጅነቱ ለምዶት የነበረውን ከፍታ ሰውነቱ በሳምንታት ውስጥ ረስቶታል፤ የአዲስ አበባ ነዋሪም ቢሆን ለጨነቅ የተዘጋጀው በከፊል ብቻ ነው። ስፖርተኛ መሆንም አያድንም፤ ብርቱ እግር ያለው ሰው ቶሎ ስለሚወጣ ሕመሙም ቶሎ ይደርስበታል።

ኃላፊነቱ በተጓዡ ትከሻ ላይ ብቻ መጣሉ ግን ፍትሕ አይደለም። ተቀባይነት ያለው ደንብ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፣ በየሦስትና አራት ቀኑም አንድ የዕረፍት ሌሊት እንዲኖር ያዝዛል። ከ2,100 ሜትር ትንሽ ከፍ ከሚለው ጎንደር ተነሥቶ በመኪና በዚያው ቀን 3,620 ሜትር ላይ ባለው ጨነቅ ማደር ይህን ደንብ ከመነሻው ይጥሳል፤ ሆኖም መንገድ ስላለ ብቻ ይህ ጉዞ እንደ «ፈጣን ጥቅል» ይሸጣል። በደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ አንድ ሌሊት፣ በሳንቃበር 3,250 ሜትር ሌላ ሌሊት፣ ከዚያም በ3,600 ሜትር ግጭ አድሮ ወደ ጨነቅ መሻገር እያለ፣ ሦስት ሌሊት ቆጥቦ ጉድለቱን በአተነፋፈስ ትምህርት ለመሙላት መሞከር ሙያን ማዋረድ ነው። ለአስጎብኚ የወፍ ስምና የንጉሥ ታሪክ አስተምሮ የከፍታ ሕመም ምልክትን ሳያስተምር የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ማሠልጠኛ፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥኑን በፋሻና በፕላስተር ብቻ ሞልቶ ኦክስጅን የማይጭን ድርጅት፣ ተጓዥ ሲታመም በቅሎው ከየት እንደሚመጣና መኪናው የት እንደሚጠብቅ በጽሑፍ ያላስቀመጠ አዘጋጅ ሁሉ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ናቸው። አስጎብኚውም ብዙ ጊዜ የሚሠራው ተጓዥ ቢመለስ አበሉ እንደሚቀር እያወቀ ነው፤ ክፍያው ከጫፍ መድረስ ጋር እስከተያያዘ ድረስ 78ን 88 የማድረግ ፈተና አይቀርም። አስጎብኚ ተጓዥን አውርዶ ሲመለስ ሙሉ ክፍያውን የሚያገኝበት ውል መጻፍ ከየትኛውም የአተነፋፈስ ሥልጠና ይልቅ ሕይወት ያተርፋል።

ስለሆነም ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ማንኛውም ተጓዥ የየሌሊቱን የመኝታ ከፍታ በሜትር የተጻፈበት ፕሮግራም፣ የኦክስጅን መኖርና የመውረጃ ዕቅድ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባዋል። እነዚህን መስጠት ያልቻለ አዘጋጅ ስለ ትንፋሽ የሚሰጠው ትምህርት የቱንም ያህል ቢያምር አብሮት ወደ ተራራ መውጣት አይገባም።