የእንጀራ ሻጋታ ፔኒሲሊን አይደለም

«የሻገተ እንጀራ ፔኒሲሊን አለው፤ ብትበላው ሆድህን ያጸዳልሃል» የሚል ምክር ከባሕር ዳር እስከ ቆጋ መስኖ ድረስ ቡና ላይ ይሰማል። ከፈንገስ መድኃኒት መገኘቱ እውነት ስለሆነ ሰው ያምናል። ምክሩ ግን አደገኛ ነው።

ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ በ1928 (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ) ያየውን ሁላችንም ተምረናል፤ አልደግመውም። የሚረሳው የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ፔኒሲሊኑን አጣርተው በሽተኛ ላይ እስኪሞክሩት ከአሥር ዓመት በላይ ማለፉ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 ባሳተሙት ጥናት ከሻገተ እንጀራ አስፐርጊለስ ናይጀር፣ ራይዞፐስና ፔኒሲሊየም አግኝተዋል። «ይኸው፣ ፔኒሲሊየም!» የሚለኝ አይጠፋም። ፔኒሲሊየም የብዙ መቶ ዝርያዎች የጋራ ስም ነው፤ ኩላሊት የሚጎዳ መርዝ የሚያመርቱም አሉበት። ፍሌሚንግ ያገኘውን ዓይነት ፔኒሲሊን ደግሞ በአፍ ቢወስዱት አብዛኛውን የጨጓራ አሲድ ያበላሸዋል። በመርፌ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ፈንገስ ኬሚካሉን የሚሠራው ለራሱ ነው። ለእኛ መድኃኒት ወይም መርዝ የሚያደርገው መጠኑና የሚያርፍበት ቦታ ነው። ኤርጎትን እንመልከት።

ኤርጎት የገብስና የስናር አበባ ውስጥ ገብቶ በፍሬው ፋንታ ሾጠጥ ያለ፣ ጠንካራ ጥቁር ነገር የሚያበቅል ፈንገስ ነው። በ1977 እና በ1978 ወሎ ውስጥ በኤርጎት የተበከለ ስናር የበሉ ሰዎች እግራቸው ጠቁሮ ደረቀ፤ የሞቱም ነበሩ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ1979 ዘግቦታል። በ2001 አርሲ ላይ በገብስ ተደገመ።

አልካሎይድ የተባሉት የኤርጎት ኬሚካሎች በቅርጻቸው አድሬናሊንና ሴሮቶኒን የተባሉትን የሰውነታችንን ኬሚካሎች ስለሚመስሉ የደም ሥር ጡንቻ ላይ የእነዚያን መቀበያ ይይዛሉ። ጡንቻው ይኮማተራል፣ የደም ሥሩም ይጠባል። የሰውነታችን ኬሚካል ቶሎ ይለቃል፤ ኤርጎታሚንን የመሰለው አልካሎይድ ግን ከያዘ በቀላሉ አይለቅም። ከልብ የራቁት ጣቶችና እግሮች ደም ያጥራቸዋል፤ ሥጋው በሕይወት ካለው አካል ላይ እንዳለ ይሞታል።

ማሕፀንም ጡንቻ ነው። ከወሊድ በኋላ የእንግዴ ልጁ ተላቆ ሲወጣ የነበረበት ቦታ ላይ አፋቸው የተከፈተ የደም ሥሮች ይቀራሉ። እነዚህ ሥሮች የሚያልፉት እንደ ጠፍር አልጋ በተጠላለፉ የጡንቻ ክሮች መሐል ነው፤ ክሮቹ ሲወጠሩ ክፍተቱ ይጠባል፣ ደሙም ይቆማል። ማሕፀኗ ላልቶ ከቀረ እናቲቱ ደሟ ፈስሶ በሰዓታት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ዱድሊና ሞይር በ1935 ከኤርጎት ለይተው ማውጣታቸውን ያሳወቁት ኤርጎሜትሪን ያንን ጡንቻ አጥብቆ ያኮማትረዋል። የሚወጋው 0.2 ሚሊግራም ብቻ ነው! የወሎን ገበሬ እግር ያደረቀው ፈንገስ የወለደችን እናት ያተርፋል።

የመድኃኒቱ ጥቅም ግን ልክ አለው። ዛሬ ኦክሲቶሲን የተባለው መድኃኒት ይቀድመዋል። የደም ግፊት ላለባት እናት ኤርጎሜትሪን አይሰጥም፤ ልጁ ሳይወለድ ቢሰጥ ልጁን ሊገድል ይችላል፤ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከቆየም ይበላሻል።

ታዲያ በዘጌ ጫካ አፈር ውስጥ ካለ ፈንገስ አዲስ መድኃኒት ይወጣ ይሆን? ሊወጣ ይችላል። የተተከለ ኩላሊትን ሰውነት እንዳይገፋው የሚያደርገው ሳይክሎስፖሪን የተገኘው በ1969 ከኖርዌይ ከመጣ አፈር ውስጥ ከነበረ ፈንገስ ነው። ኮሌስትሮል የሚቀንሰው ሎቫስታቲንም የተገኘው ከሻጋታ፣ ከአስፐርጊለስ ቴሬየስ ነው። ሆኖም «ካንሰር ገዳይ እንጉዳይ ተገኘ» የሚል ዜና ሳይ እጠራጠራለሁ። በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ የካንሰር ሴል የገደለ ሁሉ መድኃኒት አይሆንም፤ በረኪናም ይገድላል።

የሻገተ እንጀራ ይጣል። የሻገተውን ዳር ቆርጦ ሌላውን መብላትም አያዋጣም፤ የፈንገሱ ክሮች ዓይን ከሚያየው በላይ ዘልቀው ይገባሉ። ቆጋ ላይ የምታመርቱ ደግሞ በቆሏችሁን በደንብ ሳይደርቅ ጎተራ አታስገቡ፣ የሻገተውንም ለላም አትስጡ፤ አንዳንድ ሻጋታ የሚሠራው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ወደ ወተቷ ያልፋል፣ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም።