«ያን ዕለት የት ነበርክ?»

ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት፣ ስልሳ ያህል ሰዎች፣ ሚኒስትሮችና ጄኔራሎች ጭምር፣ መረሸናቸውን ሬዲዮ ሲያስታውቅ አዲስ አበባ የነበረን ሰው ዛሬ ጠይቁት። የሟቾቹን ስም ዝርዝር ረስቶት ይሆናል። ሬዲዮኑ የተቀመጠበትን ጠረጴዛ፣ አጠገቡ ማን እንደነበር፣ እናቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትወጣ ማየቱን ግን አይረሳም። ግንቦት 13 ቀን 1983 ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው መውጣታቸው የተሰማበት ቀንም እንዲሁ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ከቦሌ ተነሥቶ ስድስት ደቂቃ ሳይበር ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው አውሮፕላን 157 ሰዎች ማለቃቸውን የሰማንባትን ቅጽበትም ብዙዎቻችን ልክ እንደ ትናንት እናስታውሳታለን።

ሰው በእንዲህ ዓይነት ትዝታ ይምላል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ደግሞ ጉዳዩን ሲመረምሩት ቆይተዋል፤ ያገኙትም ለብዙዎቻችን ለመቀበል የሚከብድ ነው። የምንምልበት ትዝታ ሊሳሳት ይችላል። ተሳሳተ ማለት ግን ዋሸን ማለት አይደለም። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ማየት፣ በተለይ ለእኛ፣ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ሮጀር ብራውንና ጄምስ ኩሊክ የተባሉ አሜሪካውያን በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 80 ሰዎችን ስለ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግድያ ጠየቁ። ግድያው ከተፈጸመ ያኔ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ከ80ው 79ኙ ዜናውን የት ሆነው፣ ከማን እንደሰሙ፣ ምን ሲሠሩ እንደነበር ተናገሩ። ተመራማሪዎቹ ይህን «የፍላሽ ትዝታ» አሉት፤ በካሜራ ፍላሽ እንደበራ ክፍል ሁሉም ነገር ባለበት ታትሞ የቀረ መስሏቸው ነበር። ከተጠያቂዎቹ እኩሌታው ጥቁሮች፣ እኩሌታው ነጮች ነበሩ። ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግ ግድያ ሲጠየቁ ከጥቁሮቹ ከአራቱ ሦስቱ፣ ከነጮቹ ግን ከሦስቱ አንዱ ብቻ እንዲህ ያለ ትዝታ ነበራቸው። ትዝታው የሚታተመው ነገሩ በነካው ሰው ላይ ነው ማለት ነው። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባበትን ግንቦት 20 ቀን 1983ን አንዱ ቤት በእልልታ፣ ሌላው ቤት በሐዘን የሚያስታውሰው፣ ሦስተኛው ደግሞ ጨርሶ የማያነሣው ለዚህ ይመስለኛል።

ጥናቱ አንድ ትልቅ ጎዶሎ ነበረው። ሰዎቹ የተናገሩት እውነት መሆኑን የሚያረጋግጥ ማንም አልነበረም። ይህን ጎዶሎ ለመሙላት የተነሣው በአትላንታ የኤመሪ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ኡልሪክ ናይሰር ነው።

ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 እ.ኤ.አ. ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንኩራኩር ከተነሣች በ73 ሰከንድ አየር ላይ ተበታተነች። ከሰባቱ ተሳፋሪዎች አንዷ ክሪስታ ማኮሊፍ የምትባል የትምህርት ቤት መምህርት ስለነበረች፣ በየትምህርት ቤቱ ሕፃናት በቴሌቪዥን እየተከታተሉ ነበር። ናይሰርና ባልደረባው ኒኮል ሃርሽ በማግስቱ ጠዋት፣ ድንጋጤው ገና ትኩስ ሳለ፣ ለተማሪዎች ወረቀት አደሉ። ዜናውን እንዴት ሰማችሁ? የት ነበራችሁ? ከማን ጋር? ምን ተሰማችሁ? ከሁለት ዓመት ተኩል ግድም በኋላ 44ቱን አግኝተው ያንኑ ጠየቋቸው።

አንዲት ተማሪ በማግስቱ የጻፈችው የሃይማኖት ትምህርት ክፍል ውስጥ እንዳለች ሰዎች ገብተው ስለ ፍንዳታው ሲያወሩ መስማቷን ነው። ዝርዝሩን ያወቀችው ከትምህርት በኋላ መኝታ ክፍሏ ሄዳ ቴሌቪዥን ስታይ ነበር። ከዓመታት በኋላ የሰጠችው መልስ ሌላ ነው። መኝታ ክፍል ከምትጋራት ልጅ ጋር በክፍላቸው ቴሌቪዥን እያዩ ሳለ ሰበር ዜና መጣ፤ ሁለቱም ደነገጡ፤ እሷም ፎቅ ወጥታ ለሌላ ጓደኛዋ አወራች፤ ከዚያ ለወላጆቿ ደወለች። የሃይማኖት ትምህርቱም፣ የገቡት ሰዎችም ከታሪኩ ጠፍተዋል። ሁለተኛው ታሪክ ደግሞ ከመጀመሪያው ይልቅ የተሟላ፣ ስሜት ያለው ነው።

እሷ ብቻ አይደለችም። መልሶቹ ከሰባት ነጥብ ሲታረሙ አማካዩ ሦስት እንኳ አልሞላም። 11 ተማሪዎች ዜሮ አገኙ፤ ሙሉ ነጥብ ያገኙት ሦስት ብቻ ናቸው። ሆኖም አብዛኞቹ በመልሳቸው እርግጠኛ ነበሩ። ከሁሉ የሚገርመኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ተማሪዎቹ በማግስቱ የጻፉትን ወረቀት ተመራማሪዎቹ አውጥተው አሳዩአቸው። የእጅ ጽሑፋቸውን ለዩት፤ ግን የመጀመሪያው ትዝታ አልተመለሰላቸውም። የራሳቸውን ቃል እያነበቡ፣ ልባቸው የሚያስታውሰው አዲሱን ብቻ ነበር።

ይህ እንዴት ይሆናል? ስንደነግጥ ሰውነታችን አድሬናሊን የመሰሉ ሆርሞኖችን ይረጫል፤ አሚግዳላ የሚባለው ስሜትን የሚከታተል የአንጎል ክፍልም ትዝታው በርትቶ እንዲቀረጽ ያደርጋል። ችግሩ በርትቶ የሚቀረጸው የነገሩ አስኳል ብቻ መሆኑ ነው፤ ማን ሞተ፣ ምን ፈነዳ የሚለው። ዙሪያው ያለው ዝርዝር እንደ ማንኛውም ቀን ትዝታ ይሳሳል። አንጎላችን ትዝታን ካስቀመጠበት እንዳለ አያወጣውም፤ ባወራነው ቁጥር እንደገና ይሠራዋል። ሲሠራው ደግሞ በኋላ ያየነውን ፎቶግራፍ፣ ከጎረቤት የሰማነውን፣ «መሆን የነበረበትን» ሁሉ ይጨምርበታል።

ኦክቶበር 4 ቀን 1992 እ.ኤ.አ. አንድ የኤል አል የጭነት አውሮፕላን አምስተርዳም ውስጥ አፓርታማዎች ላይ ወደቀ። ሕንፃውን ሲመታ የቀረጸ ካሜራ አልነበረም። ከአሥር ወር በኋላ ግን ሆላንዳውያን «አውሮፕላኑ ሲመታ የሚያሳየውን ፊልም በቴሌቪዥን አይታችኋል?» ተብለው ሲጠየቁ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «አዎ» አሉ። በእኛም አገር፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው በቮልስዋገን ሲወሰዱ «በዓይኔ አየሁ» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ፣ በእርግጥ መንገድ ዳር ቆሞ አይቶ ይሆናል፤ በኋላ በየጊዜው የታተመውን ፎቶግራፍ ከራሱ ትዝታ ጋር አዋሕዶትም ይሆናል። ሁለቱን ከውስጥ ሆኖ መለየት አይችልም።

ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ በዱክ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት ነገሩን ይበልጥ አጠራው። ተማሪዎቹ በማግስቱ ሁለት ነገር ተጠየቁ፤ ስለ ጥቃቱ ዜናና በዚያው ሰሞን ስላጋጠማቸው ተራ ነገር፣ ለምሳሌ ስለ አንድ ግብዣ። ከወራት በኋላ ሁለቱም ትዝታዎች በእኩል መጠን ተዛብተው ተገኙ። የተለያዩት ተማሪዎቹ በየትዝታው ላይ በነበራቸው እምነት ነው። የግብዣው ትዝታ እየደበዘዘ ሲሄድ፣ የጥቃቱ እንደደመቀ ቀረ። ድምቀት ያታልላል፤ ስለደመቀልን ብቻ እውነት ይመስለናል። ሌሎች ተመራማሪዎች በበርካታ የአሜሪካ ከተሞች ሰዎችን ለአሥር ዓመት ሲከታተሉ እንዳዩት ደግሞ፣ መዛባቱ በአብዛኛው የሚደርሰው በመጀመሪያው ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ታሪኩ ይረጋል፤ ስህተቱም አብሮት ይረጋል።

ይህ ሁሉ ለእኛ የቤተ ሙከራ ወሬ ሆኖ አይቀርም። ከአገር የተሰደደ ሰው አውሮፓ ወይም አሜሪካ ደርሶ ጥገኝነት ሲጠይቅ ታሪኩን ደጋግሞ ይናገራል። በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ «ሦስት ወታደሮች» ብሎ በሁለተኛው «አምስት» ካለ፣ ቀኑን ማክሰኞ ብሎ በኋላ ሐሙስ ካለ፣ ያ ልዩነት ሐሰተኛ ሊያስብለው ይችላል። በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ጄን ሄርሊሂና ባልደረቦቿ እንግሊዝ የገቡ የኮሶቮና የቦስኒያ ስደተኞችን ስለ ደረሰባቸው መከራ ሁለት ሁለት ጊዜ ጠየቁ። ሰዎቹ የመኖሪያ ፈቃድ ቀድሞ የተሰጣቸው ነበሩ፤ ለመዋሸት ምክንያት አልነበራቸውም። እንዲያም ሆኖ በሁለቱ ቃላቸው መካከል ልዩነት በብዛት ተገኘ። ልዩነቱ የበዛውም በአስኳሉ ሳይሆን በዙሪያው ዝርዝር ነው። ፍርድ ሰጪዎች ይህን ሳያውቁ የሰውን ዕጣ ሲወስኑ ማየት ያሳዝነኛል፤ ያስቆጣኛልም።

ስለዚህ ከባድ ነገር የደረሰበት ሰው ጊዜ ሳይፈጅ ያየውን በራሱ ቃል ይጻፍ፤ መጻፍ ካልቻለ የሚያምነውን ሰው አስጽፎ ቀኑን ያስፍርበት። ያየውንና ከሌላ የሰማውን ለያይቶ ያኑር። ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብም ያላስታወሰውን ቁጥርና ቀን በግምት አይሙላ፤ «አላስታውስም» ይበል፤ አስተርጓሚውም ቃሉን እንዳለ እንዲያደርስለት ይጠይቅ።