የመካ ደጃፍ፦ የጅዳ አሮጌ ሰፈር

ጅዳ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ስለ ሥራ ነው፤ ስለ ኮንትራት፣ ስለ ሐዋላ፣ ክፉ ዘመን ሲመጣ ደግሞ ስለ መመለሻ አውሮፕላን። ሐጅ የሄደ ሰው በበኩሉ የሚያስታውሳት አውሮፕላን ማረፊያዋን ነው። ወርዶ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ያልፋታል። ማለፉ ነውር አይደለም፤ ከተማዋም ከ1,300 ዓመት በላይ የኖረችው መንገደኛ እየተቀበለች መንገደኛ በመሸኘት ነው። ሆኖም ግማሽ ቀን የተረፈው ሰው አል-በለድ የሚባለውን አሮጌ ሰፈር ሳያይ ባይሄድ ይሻለዋል።

ከጅዳ በፊት የመካ ወደብ በስተደቡብ ያለችው ሹዐይባ ነበረች። በ615 እ.ኤ.አ. ወደ ሐበሻ የተሰደዱት የነቢዩ ተከታዮች የተሳፈሩት ከዚያ እንደ ሆነ ይተረካል። ኸሊፋው ዑስማን ወደቡን ወደ ጅዳ ያዛወሩት በ647 ነው። ስለ ስሟ የሚነገር ደግሞ አለ፦ «ጅዳ» አያት ማለት ነው፣ አያቲቱም ሔዋን ናት ይባላል። መቃብሯ ነው ሲባል የኖረው ሕንፃ በ1928 ፈረሰ፤ ሰው መሳለሙን ስላልተወ ቦታው በ1975 በሲሚንቶ ተደፈነ። ዛሬ ለዐይን የቀረ ነገር የለም፤ ወሬው ብቻ አለ።

ቤቶቹን ግን ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ምጽዋን የሚያውቅ ሰው «ይህን የት ነው ያየሁት?» ማለቱ አይቀርም፤ ቀይ ባሕር በሁለቱም ዳር ያሠራው በአንድ ዓይነት እጅ ነውና። ግድግዳው ከባሕር ተቆርጦ የወጣ ኮራል ነው። ቀላልና ለመጥረብ የሚመች ቢሆንም ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ጨው ያዘለውን እርጥበት ይመጥና ይፈረፈራል። ስለዚህ ግንበኞቹ በኖራ ለሰኑት፤ ግንቡ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ በየተወሰነ ርቀት አግዳሚ እንጨት አጋደሙበት፣ ሸክሙ እንዲከፋፈል። ልስኑ ሳይታደስ ከቀረ ቤቱ ከውስጥ መበላት ይጀምራል። በአል-በለድ ወገባቸው የተሰበረ፣ በብረት የተደገፉ ቤቶች የሚታዩት ከዚህ የተነሣ ነው።

የሰፈሩ ጌጥ ሮሻን ነው፤ ሲበዛ ረዋሺን ይሉታል። ከግድግዳው ወደ መንገዱ ወጣ ብሎ የተንጠለጠለ፣ በፍርግርግ የተሸፈነ የእንጨት መስኮት ነው፤ አንዳንዱ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ጀምሮ እስከ ላይኛው ፎቅ ይደርሳል። እንጨቱ በአብዛኛው ከሕንድና ከሩቅ ምሥራቅ በመርከብ የመጣ ነው። ፍርግርጉ ፀሐይን ይከለክላል፣ የባሕሩን ነፋስ ያስገባል። ሴቶቹ ሳይታዩ መንገዱን ያዩበት ነበር፤ የውሃው እንስራ እዚያ ተቀምጦ በነፋሱ ይቀዘቅዝ ነበር፤ ሌሊት ደግሞ ይተኛበት ነበር። በጅዳ የበጋ ወበቅ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሳይኖር ሰው እንዴት ኖረ ለሚል መልሱ ይኸው ነው። እኔ ከዛሬዎቹ የመስታወት ፎቆች ይልቅ ይህን የብልህ ሥራ እለዋለሁ።

ከቤቶቹ ሁሉ ስመ ጥሩ በይት ነሲፍ ነው። በ1872 ተጀምሮ በ1881 ያለቀ፣ 106 ክፍል አለው የሚባል የነጋዴ ቤት ነው። ደረጃው ሰፊና ዝቅ ዝቅ ያለ ነው፤ ዕቃ የጫነ ግመል እስከ ላይ እንዲወጣ ታስቦ ነው ይላሉ። የሳዑዲው ንጉሥ አብዱልአዚዝ በታኅሣሥ 1925 ጅዳን ሲይዙ ያረፉት እዚሁ ነው። ደጁ ላይ ያለው የኒም ዛፍ ለረጅም ጊዜ በከተማዋ ብቸኛው ስለ ነበር ሰው ቤቱን «ባለ ዛፉ» ብሎ ይጠራው ነበር።

በእነዚያው ዓመታት ከተማዋን የለወጣት የእንፋሎት መርከብ ነው። የስዊዝ ቦይ በ1869 ሲከፈት ሐጃጁ በሺዎች ይጎርፍ ጀመር። ትልልቆቹ መርከቦች በኮራሉ ምክንያት ዳርቻ መጠጋት ስለማይችሉ ርቀው መልሕቅ ይጥሉ ነበር፤ ሰውና ጓዝ ሳንቡክ በሚባል ጀልባ ይመላለስ ነበር። ጉዞው ቀላል አልነበረም። በ1880 «ጅዳ» የተባለች መርከብ ከ900 በላይ ሐጃጅ ጭና ከሲንጋፖር ስትመጣ ውሃ ገባባት፤ ካፒቴኑና መኮንኖቹ ተሳፋሪውን ትተው በጀልባ ሸሹ። ዓደን ደርሰው «ሰጠመች» ብለው ተናገሩ። ብዙም ሳይቆይ የሰጠመችው መርከብ ከነተሳፋሪዋ በሌላ መርከብ እየተጎተተች ብቅ አለች! ጆሴፍ ኮንራድ «ሎርድ ጂም» የተባለውን ልብ ወለድ የጻፈው ይህን ነገር ይዞ ነው።

ከወደቡ የተነሣ ሐጃጅ ሱቅ አል-አለዊ የሚባለውን ገበያ አቋርጦ ባብ መካ ከሚባለው በር ይደርስ ነበር። ፖርቱጋሎችን ለመከላከል በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የታጠረው ግንብ በ1947 ፈርሷል፤ የበሮቹ ስም ግን አሁንም ይጠራል። ከዚህ በር መካ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በግመል ሁለት ሌሊት ይፈጅ ነበር፤ መካከል ላይ በሕራ ያሳርፍ ነበር። በ2018 የተከፈተው ባቡር ግን በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ይበርራል፤ መንገደኛው ሻይ ጠጥቶ ሳይጨርስ መካ ነው።

መካ የሚገባው ሙስሊም ብቻ ነው፤ የገባውም ቢሆን አሮጌዋን መካ አያገኛትም። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ለአገራቸው ሐጃጅ ማረፊያ ቤት በገዙበት ዘመን የመካ ጎዳናም በረዋሺን የተሞላ ነበር። ዛሬ በታላቁ መስጊድ በሐረሙ ዙሪያ ያለው የሆቴል ፎቅ ነው። የዑስማኒያው የአጅያድ ምሽግ በ2002 ፈርሶ፣ በቦታው 601 ሜትር ከፍታ ያለው የሰዓት ማማ ቆሟል። ለሚሊዮኖች ቦታ ማስፋት ግድ ነበር፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ከከተማው ወጣ ሲሉ ነው ያረጀ ነገር የሚገኘው፤ የሒራ ዋሻ ያለበት የኑር ተራራ፣ ሚና፣ ዐረፋ።

ስለዚህ የመካን የቀድሞ መልክ የያዘው ደጃፏ፣ የጅዳ አሮጌ ሰፈር ነው። ያን ያቆየውም እንክብካቤ ብቻ አይደለም፤ ችላ መባልም ነው። ከ1940ዎቹ መጨረሻ በኋላ ባለ ሀብቶቹ ወደ ሰሜን ጅዳ ወደ አዳዲስ ቪላዎች ሲሄዱ፣ የፈረሰውን ክፍል እየተከራዩ የገቡት የየመን፣ የሱዳን፣ የሶማሊያና የሐበሻ ልጆች ናቸው። ዩኔስኮ ሰፈሩን በ2014 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ «የመካ በር» አለው። አሁን ግንበኛው እያደሰ ነው፤ ካፌው፣ ሙዚየሙ፣ የፊልም ፌስቲቫሉ መጥቷል፣ የቤት ኪራይ የሚከፍለው ሰው ግን እየራቀ ነው። ለጉብኝት የሚመቸው ከመግሪብ በኋላ ነው፤ ነፋሱ ከባሕር ይመጣል፣ ሱቆቹ ይከፈታሉ፣ በሮሻኖቹ ፍርግርግ መብራት መንጠብጠብ ይጀምራል።